የሻምበል ባዶ አንገት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ «ጨምርበት» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ ወሬው ሲጥመው «ጨምርበት! ጨምርበት!» እያለ ስለሚጮህ፣ ዋናውን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። እሱም ሳይጨምር ውሎ አያውቅም። ዝናብ ካካፋ ጎርፍ ነው፤ ጎረቤት ካስነጠሰው የሦስት ቤት መስታወት ረግፏል። መቀሱ የቆረጠውን ምላሱ ይቀጥለዋል።

ከወሬዎቹ ሁሉ የሚወደዱት ስለ ሻምበል የሚያወራቸው ናቸው። ሻምበል ውሻ ነው። በወሬው ውስጥ ጥጃ ያክላል። አንድ ጊዜ ሌባ አጥር ዘሎ ሲገባ፣ ሻምበል በሱሪው ቂጥ አንጠልጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ወሰደው፤ ወረፋ ስለነበረም ሌባውን እንዳንጠለጠለ ተሰልፎ ጠበቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ የጠፋበትን የጭነት መኪና ዳገት ገፍቶ አወጣ።

«በአፍንጫው ነው የገፋው?» ይላል ባለ ልኳንዳው፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

«በግንባሩ ነው እንጂ! በአፍንጫው የሚገፋው የቤት መኪና ነው።»

ታዲያ ሻምበልን በዓይኑ ያየ ደንበኛ የለም። ቤቱ ከሱቁ ራቅ ይላል፤ የግቢው የቆርቆሮ በርም ሁልጊዜ ዝግ ነው። ቢያዩትማ ጉድ ይፈላ ነበር። እውነተኛው ሻምበል ከጉልበት በታች ነው። ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ ወተት የተደፋ የመሰለ ነጭ አለው፤ አንድ ጆሮው ሲቆም አንደኛው ተኝቷል። ድመት መንገድ አትለቅለትም። የድስት ክዳን ከወደቀ አልጋ ሥር ይገባል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ተረት እንኳ ለሱ አይሠራም። ሻምበል ጅቡ ከሄደም በኋላ አይጮህም፤ ተመልሶ ቢመጣስ?

ደግሞም ውሻው የጨምርበት አይደለም፤ የአማቱ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ የመጡ ጊዜ፣ ይዘው የገቡት አንድ ሻንጣና አንድ ቡችላ ነበር። ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ አይተው ሻምበል ያሉትም እሳቸው ናቸው። ቀይ የቆዳ ቀበቶ አሠሩለት፤ ከቀበቶው ላይ በምትንጠለጠል ክብ ቆርቆሮ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር አስቀረጹ፤ አንገቱ ላይ አሰሩትና «ቢተኛም ቢነሳም አይፈታም» ብለው ደመደሙ።

ይኼ ነገር ለጨምርበት አልዋጥ አለው። በሱ ሙያ አንገት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ከወንበር ተነስቶ ሲሄድ ከኋላ የሚታየው አንገቱ ነው፤ አንገቱ ያላማረ ሰው ከየትኛው ፀጉር ቤት እንደወጣ ይጠየቃል። ቀበቶው ደግሞ የሻምበልን ፀጉር ፈትጎ ፈትጎ፣ ዙሪያውን የቀለበት ቅርጽ ያለው መላጣ አውጥቶበታል። ጨምርበት ያንን መላጣ ባየ ቁጥር የሌላ ሰው ሥራ ቤቱ ገብቶ የሰደበው ይመስለዋል።

«እማማ» ይላል፣ «ሰው እንኳ ከሥራ ሲገባ ክራቫቱን ይፈታል። ይኼ ምስኪን ምን በድሎ ነው ቀንም ሌትም የሚታሰረው? ፀጉርኮ ይተነፍሳል!»

«ልጄ፣ ሰው ቢጠፋ አፍ አለው። የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ቤቴ በዚህ ግባ በዚያ ታጠፍ ይላል። ሻምበል ምን ሊል ነው?»

«ከግቢ የማይወጣ ውሻ የት አባቱ ይጠፋል?»

«እስከ ዛሬ የጠፋ ሁሉ ከቤቱ ነው የጠፋው» ይላሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከመርፌያቸው ሳያነሱ።

ከማድቤት ደግሞ የሚስቱ ድምፅ ይመጣል፤ «እናቴን ተዋት አንተ ሰውዬ! የደንበኛህን አንገት ጠብቅ!»

እሁድ እሁድ ሻምበልን የሚያጥበው ጨምርበት ነው። ማጠብ ብቻ አይደለም፤ ያበጥረዋል፣ የጆሮውን ጫፍ በመቀስ ያስተካክላል፣ ሲጨርስም ጢም ለተላጨ ደንበኛ ከሚቀባው ሽቶ ጠብ ያደርግለታል። ሻምበል ይህን ሁሉ እንደ ሞት ይጠላዋል። ሳፋው ሲወጣ ካየ ጀምሮ በአራት እግሩ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል።

ያን እሁድ እማማ የታመመች ጎረቤት ሊጠይቁ ወጡ። ሚስቱም ተከተለቻቸው። ጨምርበት ግራ ቀኙን አየና ቀበቶውን ፈታ። «ትንሽ ተንፍስ፤ ከመምጣታቸው በፊት አስርልሃለሁ» አለው፤ ምስማር ላይም ሰቀለው። አጠበው፣ አበጠረው፣ ሽቶውን ቀባው፤ አንገቱን ዞሮ ሲያየው የሙሽራ አንገት መሰለው። ከዚያ የእጥበቱን ውሃ ሊደፋ የግቢውን በር ከፈተ።

መንገድ ላይ የአንድ መኪና ጎማ ፈነዳ።

ጨምርበት በእግሮቹ መሀል ሾልኮ ሲወጣ ያየው ጭራ ብቻ ነው። ሳፋውን ጥሎ «ሻምበል! ሻምበል!» እያለ ተከተለ። ከመንገዱ ማዶ የቆሙ አንድ ሸምገል ያሉ የጦር ጡረተኛ ተረከዛቸውን ገጥመው «አቤት!» አሉት። ይቅርታ እስኪጠይቃቸው ድረስ ውሻው የት እንደታጠፈ አጣው።

ቤት ሲመለስ እማማ ቀድመውታል። ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቀበቶ አይተዋል። ይቆጡኛል ብሎ አንገቱን ደፋ፤ አልተቆጡም። ቀበቶውን አወረዱ፣ በርጩማቸውን ወደ በሩ ጎትተው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው መንገዱን እያዩ ተቀመጡ። ቢሰድቡት በተሻለው።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዘችው።

«እናቴ እህል አልቀመሰችም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ትንሽ ትንሽ በልታ ነበር።»

«ያኔማ...»

«ያኔማ ሻምበል ጭኗ ላይ ነበር። አምጣው። ከየት እንደምታመጣው አላውቅም፤ ብቻ አምጣው።»

ያን ቀን ፀጉር ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ። መቀሱ ይሰማል፣ ምላሱ አይሰማም። ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሽ ጨምርበት፣ አሞሃል እንዴ?» አለ ወረፋ የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር።

«ሻምበል ጠፋብኝ።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ከአግዳሚው ተነሳ።

«ያ ጥጃ የሚያክለው?» አለ ባለ ልኳንዳው፣ ደንግጦ።

እውነቱን መናገር እዚህ ላይ ነበር። ጨምርበት አፉን ከፈተ። የሚያዩትን ዓይኖች አንድ በአንድ አየ፤ ስንት ዳገት የተገፋ መኪና፣ ስንት የተንጠለጠለ ሌባ በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ላይ አለፈ። ምላሱ ወደ ኋላ መሄድ አልለመደም።

«አዎ» አለ። «ኧረ እሱስ ሰሞኑን ከጥጃም አልፎ ነበር።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሹፌሩ ወሬውን ታክሲ ተራ አደረሰው፤ ታክሲዎቹ ከተማውን አዳረሱት። «የጨምርበት ውሻ ጠፍቷል፤ ጥጃ ያክላል፤ አትቅረቡት፣ በሩቁ እያያችሁ ደውሉ!» ተባለ። ሰው ሁሉ ከልቡ ፈለገ። ወሬውን የሚወዱ ሰዎች ወሬውን ሊያድኑለት ወጡ።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሦስት ውሻ ታስሮ ነበር፤ አንዱ ካንዱ ይገዝፋል። አንደኛው የታሰረበትን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅሎ እየጎተተ ገበያውን ዞረ። ሁለተኛው ደጃፉ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተኛ፤ ደንበኛ በላዩ እየተራመደ ገባ። ሦስተኛው ሹፌሩን ተረከዙን ነክሶት ነበር፤ ሹፌሩ ግን እያነከሰ ደስ ብሎታል።

«ይኼ ነው አይደል ጋሼ? ጥርሱን አይቼ ነው ያወቅኩት!»

«አይደለም ወንድሜ።»

«እንዴት አይሆንም? ሲነክሰኝኮ ልክ አንተ እንደምታወራው ነው!»

ያ ተናካሽ ውሻ አንገቱ ላይ ቀበቶ ነበረው፤ ቀበቶው ላይም ስልክ ቁጥር። ባለ ልኳንዳው አንገቱን አስግጎ ከሩቅ እያነበበ ደወለ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ፀጉሩ ተቆርጦ ሳያልቅ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት እያለከለከች ደረሰች፤ ውሻውን አቅፋ «የኔ ጌታ፣ የኔ ጌታ!» እያለች ሳመችው፤ ሹፌሩን «ምን አድርገኸው ነው የነከሰህ?» ብላ ተቆጥታው ሄደች።

ጨምርበት መቀሱን እንደያዘ ቀረ። ያ አውሬ ስሙን አልተናገረ፣ ቤቱን አላሳየ፤ ጥፍር በምታክል ቆርቆሮ ቤቱ ገባ። የሱ ግን ይኸው ባዶ አንገቱን፣ ሙሽራ መስሎ፣ የት እንደወደቀ አይታወቅም። «ፀጉር ይተነፍሳል» ያለው ምላሱ አፉ ውስጥ ኮመጠጠው።

ከሥራ ሲወጣ ብቻውን ፈለገ። ጮክ ብሎ እንዳይጠራ ሰው ይሰማዋል፤ ጥጃ የሚያክል ውሻ የጠፋበት ሰው ደግሞ የቦይ ክዳን ሥር ጎንበስ ብሎ «ሻምበልዬ፣ ና የኔ ቆንጆ» ሲል መገኘት የለበትም። ቤቱ ሲደርስ እማማ በርጩማው ላይ ናቸው። ባዶ እጁን አይተው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ረቡዕ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛው ጢሙን ሊላጭ መጣ። ይኼ ሰው ከአፉ ቃል የሚወጣው እንደ ዝገት ቧንቧ ነው፤ ጠብ ጠብ። ጨምርበት ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ አረፋ ቀባው፣ ግማሽ ፊቱን ላጨው። ባለ ልኳንዳውና ሹፌሩ አግዳሚው ላይ ሆነው ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሰፈር እንደሚያስሱ ይማከራሉ።

«ያንተስ ትልቅ ነው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፣ በአረፋው ውስጥ። «አይሰወርም። እኔ ጋ ያለው ግን ባለቤቱ ቢፈልገውም አያገኘው።»

«አንተ ጋ ምን አለ?»

«ውሻ። እሁድ መጋዘን ውስጥ ገብቶብኝ። ድመት ቢያክል ነው። ቱቦ ውስጥ ተወሽቆ... በዳቦ አባብዬ አወጣሁት።»

ምላጩ ቆመ።

«ቡናማ ነው?»

«ቡናማ።»

«አንድ ጆሮው...»

«ቆሟል። አንዱ ተኝቷል።»

«አንገቱ ላይስ?»

«ባዶ ነው። የመንገድ ውሻ ነው ብዬ ነበር፤ ሚስቴ ግን ሽቶ ሸተተኝ አለች። እኔም ሳሸተው... ያንተን የጢም ሽቶ ይመስላል» አለና ቧንቧ ሠራተኛው በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አየው። «ውሻ ምን ጢም አለው ብዬ ተውኩት።»

ጨምርበት ምላጩን አስቀመጠ።

«የኔ ነው።»

«የቱ?» አለ ሹፌሩ።

«ድመት የሚያክለው። ሻምበል ነው።»

«ጥጃውስ?»

«ጥጃ የሚባል የለም። ኖሮም አያውቅ።»

ባለ ልኳንዳው ቀስ ብሎ ከአግዳሚው ተነሳ። ፊቱ ቀላ።

«ቆይ ቆይ... እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ‹ለሻምበል› እያልኩ የላክሁልህ የበሬ ቅልጥምስ? ያን ሁሉ ማነው የበላው?»

«ሾርባ ሠራንበት።»

«ሾርባ!»

«ስንመርቅህ ኖረናል» አለ ጨምርበት። «ቆይተህ ትገድለኛለህ።» ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ዞረ፤ «አሁን ውሻው የት ነው?»

«ቤት ነው» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጠብ አደረገው፤ «የሚስቴ ወንድም ወደ እርሻው ሊወስደው ነው። ለአይጥ ይሆነኛል ብሎ። ዛሬ ጠዋት ነው የሚሄደው... አሁን መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። ጨምርበት ማበጠሪያ ፀጉሩ ላይ ሰክቶ ከፊት፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ አንገቱ ላይ የታሰረው ነጭ ጨርቅ እንደ ክንፍ እየተውለበለበ ከኋላ፤ ሹፌሩ እያነከሰ፤ ባለ ልኳንዳውም «ሾርባ! ሾርባ!» እያለ ይሮጣሉ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሌባ መስሎት ፊሽካ ነፋ፤ ማን ማንን እንደሚያባርር ስላልገባው ግን መንፋቱን አቆመ።

ሲደርሱ የጭነት መኪናዋ ሞተር ተነስቷል። የሚስትየው ወንድም ካርቶን በብብቱ ይዞ ሊጭን ነው። ከካርቶኑ አፍ አንዲት የቆመች ጆሮ ትታያለች።

«አቁም! አባቴ ይሙት የኔ ነው!» አለ ጨምርበት፤ ትንፋሹ ተቆራርጦ። «ሻምበል! ሻምበልዬ!»

ሻምበል ብቅ አለ። ጨምርበትን አየ። እጆቹን አየ፣ ማበጠሪያውን አየ። ደግሞ በኋላው ያለውን አረፋ የለበሰ ሰው አየ። ሳፋው የለም እንጂ የቀረው ሁሉ ተሟልቷል። ከካርቶኑ ዘሎ ወጣና መኪናው ሥር፣ ከጎማው ኋላ ተለጠፈ።

«ይኼ ነው የሚያውቅህ?» አለ ባለ እርሻው።

«እሁድ እሁድ ስለማጥበው ነው የሚፈራኝ!»

«ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ውሻው አንገቱ ባዶ ነው፤ ምልክት የለው፣ ስም የለው። አንተን ደግሞ ሲያይ ይሸሻል። ነገ እውነተኛው ባለቤት ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

ጨምርበት ወደ ባልንጀሮቹ ዞረ፤ መስክሩልኝ ለማለት። ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ። ባለ ልኳንዳውም፣ «እኛ የምናውቀው ጥጃውን ነው» አለ። እውነቱን ነው። አይፈረድባቸውም። ያን ጊዜ ጨምርበት በዕድሜው ሁሉ ያላጠረው ቃል አጠረው። አንድ የሚጨምርበት ነገር አጣ። የቀረው ስልኩ ነው፤ አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ለእናትሽ ስጪያቸው። ቶሎ!»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ስልኩን መኪናው ሥር አስገባ።

«እማማ፣ ይጥሩት።»

ከዚያ ከስልኩ ውስጥ የደከመ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ፤

«ሻምበሌ? የኔ ሎጋ? የት ሄደህብኝ ነው?»

በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ውሻ ጮኸ። ስልኩን ላሰ፣ በጥርሱ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ኋላውን ዞሮ እማማን ፈለጋቸው፣ መልሶ ስልኩን ላሰ። ጭራው የመኪናውን ብረት እንደ ከበሮ ይደልቃል። ከስልኩ ውስጥ የእማማ ለቅሶና የሚስቱ እልልታ ተደባልቆ ይወጣል። ሹፌሩ በእጁ ጀርባ ዓይኑን አበሰ። ባለ እርሻውም ሞተሩን አጠፋ።

«በቃ» አለ። «እንግዲህ አይጦቼን እኔው ልጠብቃቸው።»

ጨምርበት ውሻውን ደረቱ ላይ ይዞ ተነሳ። ሻምበል እየተንፈራገጠ አገጩን ቧጠጠው። ቧጠጠኝ አላለም። ይዞት ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

እማማ በርጩማቸውን ጥለው መንገዱ መሀል ድረስ ወጥተው ነው የተቀበሉት። የተናገረው ሻምበል ብቻ ነው፤ እሱም አላቆመም። መላልሰው ከሳሙት በኋላ፣ እማማ ቀበቶውን ለጨምርበት ዘረጉለት።

«አንተ እሰረው።»

አሰረው። ጣቱን በቀበቶውና በአንገቱ መካከል አስገብቶ ለካ፤ አላላው፤ እንደገና ለካ። በሥራው ዘመን ሁሉ ለማንም ደንበኛ እንደዚያ አልተጠነቀቀም።

«ፀጉሩስ?» አሉት እማማ። «አይተነፍስም?»

«እማማ፣ መላጣ ይሁን። ከፈለገ ከጭራው ይተንፍስ።»

እማማ ሳቁ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ቤት ውስጥ ምን የሚበላ አለ? ራበኝ» አሉ። ሚስቱ መልስ ሳትሰጥ ወደ ማድቤት ሮጠች፤ ሰሃን ሲንኳኳ ተሰማ፤ የድስት ክዳን ወደቀ፤ ሻምበልም እንደ ልማዱ አልጋ ሥር ሊገባ ሲሮጥ፣ አንገቱ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ቅጭል ቅጭል እያለች የገባበትን አሳበቀች።

የግቢው በር ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ነጩ ጨርቅ አሁንም አንገቱ ላይ ነው፤ አረፋው ግማሽ ፊቱ ላይ ደርቆ ኖራ መስሏል።

«ጨምርበት» አለ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ። «ይኼኛው ወገን... ቢጨመርበት።»

ተከትሎት የመጣው ባለ ልኳንዳው እንኳ ቂሙን ረስቶ በሳቅ አጥሩን ተደገፈ። ጨምርበት ውሃ አሞቀ፣ የቤቱን ምላጭ አወጣ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን በርጩማው ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ አስቀመጠው። ምላጩ ጢሙ ላይ ሲንሸራተት፣ እማማ ከውስጥ «ትንሽ ድገሚኝ ልጄ» ሲሉ ይሰማል። ጨምርበትን ወሬም አላስፈለገው።